የሚነክሰው .45 ሪቮልቨር፦ ከሙን ክሊፕ ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ ባጭሩ

ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ ሰው ያገለገለ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 625 ገዙ። ባለ .45 ሪቮልቨር ነው፤ ጥይት የሚጎርሰው ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው በሚዞር ሲሊንደሩ ነው። ሽጉጡ ደህና ሲተኩስ ቆይቶ ድንገት ቃታው አልሳብ ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ መዶሻው ይመታል፣ ጥይቱ ይከሽፋል። ለጥገና፣ ለስፕሪንግና ለጥይት ያወጡት ገንዘብ ሽጉጡን ከገዙበት ዋጋ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። ዋናዋ ጥፋተኛ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ዋጋ ያላት ስስ ብረት ሆና ተገኘች፤ ጥይቶቹን አንድ ላይ የምትይዘው ሙን ክሊፕ። ዋናዋ አልኩ እንጂ ብቸኛዋ አላልኩም። ሌሎች ሁለት ሦስት ችግሮች ተደርበውባት ስለነበር ማንንም ለመለየት ጊዜ ፈጀ፣ ጉዳዩን ልጽፈው የወሰንኩትም በዚሁ መደራረብ ምክንያት ነው።

ሰውየውን "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እኔም የምጠራቸው እንዲያው ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼና ሽጉጣቸው

ጋሼ አገር ቤት ወታደር ነበሩ። ክላሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈታተው ይገጥማሉ። ሪቮልቨር ግን እጃቸው ገብቶ አያውቅም። ያስጀመራቸው የጄሪ ሚኩሌክ ቪዲዮ ነው። ይህ አሜሪካዊ ተኳሽ በ1999 በአንድ ሪቮልቨር ስድስት ተኩሶ፣ መልሶ አጉርሶ፣ ሌላ ስድስት እስኪጨርስ የፈጀበት 2.99 ሰከንድ ነው። የተኮሰበት 625 ነበር። ጋሼ "ይሄ ሰውዬ ጣቱ ላይ ምን ቢቀባ ነው?" እያሉ ሲስቁ ከረሙና ያንኑ ሞዴል ፈልገው ገዙ።

የሚተኩሱት በክለብ ውድድር ነው፣ በዩኤስፒኤስኤ (የአሜሪካ የተኩስ ውድድር ማኅበር) ደንብ፣ በሪቮልቨር ምድብ። በዚህ ደንብ "ሜጀር" ተብሎ የተሻለ ነጥብ ለማግኘት የአረሩ ክብደት በግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) በፍጥነቱ (በሰከንድ ስንት ጫማ) ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 165 መሙላት አለበት። ለ.45 ይሄ ምንም አይደለም። የተለመደው 230 ግሬን አረር በ830 ጫማ ሲወጣ ከ190 ያልፋል። ችግሩ ሜጀር የሚተኩስ ሰው በየስድስት ጥይቱ እንደገና ማጉረሱ ነው። ስለዚህ ውድድሩ ከማነጣጠር እኩል የማጉረስ ውድድርም ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ነው ክሊፕ የሚገባው።

ሙን ክሊፕ ምን ትሠራለች

625 የሚጎርሰው ጥይት፣ .45 ኤሲፒ፣ የተሠራው ካዝና ላለው ሽጉጥ ነው። ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ከንፈር የለውም፣ ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ ቀለበት ብቻ ነው ያለው። ሪቮልቨር ደግሞ ቀለህ የሚያወጣው ከንፈሩን ከሥር ገፍቶ ነው። የሚገፋው ነገር ከሌለ ቀለሁ ቀዳዳው ውስጥ ቁጭ ይላል።

አሜሪካ በ1917 አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ የታጠቀችው ኤም1911 የተባለው ሽጉጥ አልበቃ አለ። ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ትልልቅ ሪቮልቨሮቻቸውን ለ.45 ኤሲፒ አስተካክለው ለሠራዊቱ አቀረቡ፤ የሁለቱ ሲደመር ወደ 300 ሺህ ይጠጋል። የቀለሁን ችግር የፈታው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ያመጣው ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ክሊፕ ነው። ሦስት ጥይት ይይዛል፣ ሁለት ክሊፕ ሲሆን ሲሊንደሩ ይሞላል። ስድስቱንም የምትይዘው ሙሉዋ ክሊፕ ኋላ የመጣች ናት። አሁን ሁሉም የሚጠቀመው እሷን ነው፣ ምክንያቱም ስድስቱም ባንድ ላይ ይገባሉ፣ ባንድ ላይ ይወጣሉ።

ብዙ ሰው ሙን ክሊፕን እንደ ጥይት መያዣ ብቻ ያያታል። ሥራዋ ግን ከዚያ ይሰፋል። ጥይቱ ከኋላው ካለው የሽጉጡ ግድግዳ ምን ያህል ርቆ እንደሚቀመጥ የምትወስነውም እሷ ናት። ከተጣመመች አንዱን ጥይት ወደ ኋላ ትገፋዋለች፣ ጥይቱ ግድግዳውን እየፋቀ ይዞራል፣ ሲሊንደሩ ይከብዳል፣ ቃታው ይነክሳል። ሲሊንደሩን የሚያዞረው የቃታው ስበት ስለሆነ ተኳሹ የሚሰማው ጣቱ ላይ ነው። የሚጠረጥረውም ቃታውን ነው። ጋሼም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ችግሩ ሲገለጽ

ሦስት ቅሬታ ይዘው መጡ። አንደኛ፣ ቃታው አንዳንድ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይከብዳል፣ ግን ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ ላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጥይት ይከሽፋል፤ የከሸፈውን ጥይት እንደገና ሲመቱት አብዛኛውን ጊዜ ይተኩሳል። ሦስተኛ፣ ብዙ ከተኮሱ በኋላ ሲሊንደሩ ሊዘጋ እንኳ ያስቸግራል።

እነዚህን ሦስቱን እንደ አንድ በሽታ ነበር የሚያወሩት። "ሽጉጡ ታሟል" ነበር ቃላቸው። የተለያየ ቀን፣ የተለያየ ጥይት፣ የተለያየ ክሊፕ፤ ሁሉም ተደባልቆ ነው የቀረበው። ክሊፖቹን ከሽጉጡ ጋር በአንድ የጨርቅ ከረጢት ያገኟቸው ናቸው፣ ከየት ከየት እንደተለቃቀሙ ሻጩም የሚያውቅ አልመሰለኝም።

እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት የተሞከረው

ጥይት ቀያየሩ። ይህ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። የየፋብሪካው ቀለህ ሁሉም .45 ኤሲፒ ቢባልም ያ ጎድጎድ ያለው ቀለበት ጥልቀቱና ስፋቱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አንዱ ብራንድ ክሊፑ ላይ ልል ብሎ ይንቃጨላል፣ ሌላው በግድ ካልተገፋ አይገባም፤ በግድ ሲገባ ደግሞ ክሊፑን ያጣምመዋል። ስለዚህ ጥይት በቀየሩ ቁጥር ችግሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይሄድም።

ከዚያ ወደ ባለሙያ ወሰዱት። "ቃታው ይከብዳል" ሲሉት ባለሙያው ዋናውን ስፕሪንግ በለስላሳ ቀየረላቸው። ቃታው በእርግጥ ቀለለ። ግን መዶሻውን የሚወረውረው ያው ስፕሪንግ ነው፤ ሲለሰልስ ምቱም ይለሰልሳል። የሚከሽፈው ጥይት በዛ። ባለሙያውን ብዙም አልወቅሰውም፣ የተነገረውን ነው የሠራው፤ ክሊፕና ጥይት አብሮ ይምጣ አለማለቱ ግን ይገርመኛል።

የፕላስቲክ ክሊፕም ገዝተው ነበር። ያለ መሣሪያ በጣት ይሞላል፣ በጣት ይወጣል፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ለሳቸው ቀለህ ግን ልል ነበር፤ በውድድር መሐል ጥይት ወልቆ መሬት ላይ ሲወድቅ ተውት።

ነገሩን መለያየት

የመጀመሪያው ሥራ ለስላሳውን ስፕሪንግ አውጥቶ የፋብሪካውን መመለስ ነበር። ጋሼ ቅር አላቸው። "የከፈልኩበትን?" አሉ። አንድ ነገር ሲመረመር ግን ከተነካካ ሁኔታ መጀመር ትርፉ ድካም ነው። ስፕሪንጉን ስንመልስ ሌላ ነገር አገኘን። በእጀታው ፊት ለፊት በታች በኩል ስፕሪንጉን የምትወጥር ትንሽ ብሎን አለች። ልል ብላ ነበር። ይቺ ብሎን እስከ መጨረሻው ካልጠበቀች ምቱ ይደክማል። አንዳንድ ሰው ቃታ ለማቅለል ሆን ብሎ ያላላታል። የድሮው ባለቤት ይሁን ባለሙያው አይታወቅም። አጠበቅናት።

ቀጥሎ ያደረግነው ሙከራ ቀላል ነው፣ ብዙ ነገር የገለጠውም እሱ ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አረጋግጠን ቃታውን ሳብን፤ ለስላሳ ነው። ከዚያ የተኩስ ቦታው ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ፣ ያለ ክሊፕ ስድስት የፋብሪካ ጥይት አስገብተን ተኮስን። 625 ቀዳዳው ውስጥ የቀለሁ አፍ የሚያርፍበት እርከን ስላለው ያለ ክሊፕ ይተኩሳል፤ ቀለሁ ራሱ አይወጣም እንጂ። በ1917ቱ ጊዜ ቀደም ብለው የወጡት ኮልቶች ይህ እርከን አልነበራቸውም፣ ለነሱ ክሊፕ ግዴታ ነበር። ስድስቱም ተኮሱ፣ ቃታው አልነከሰም። ቀለሆቹን በእንጨት እየገፋን አወጣናቸው። ሽጉጡ ጤነኛ ነው። እንግዲህ የቀረው ክሊፑና ጥይቱ ነው።

ክሊፖቹን አንድ በአንድ መስታወት ላይ አስቀመጥናቸው። ዳር ዳሩን በጣት ሲጫኑት ደህናው ክሊፕ ፀጥ ይላል። የተጣመመው ቀጭ ቀጭ እያለ ይወዛወዛል፣ ይሰማል እንኳ። ከግማሽ በላዩ ቀጭ ቀጭ አለ። ጋሼ ጠረጴዛውን ነው የጠረጠሩት። መስታወቱን ገለበጥን፣ ያው ነው።

ምን አጣመማቸው? "እስቲ ባዶ ቀለህ ከክሊፕ እንዴት ነው የሚያወጡት?" አልኳቸው። ከኪሳቸው ፒንሳ አወጡ። ቀለሁን በፒንሳ ይነክሱና ጠምዘዝ አድርገው ይነቅሉታል፤ ቀለሁ ሲወጣ የክሊፑ ጥርስ አብሮ ይጎብጣል፣ በጣም ትንሽ፣ በዓይን የማይታይ። ሥራው ግን በዓይን የሚታይ አይደለም፤ በሚሊሜትር ክፋይ ነው። የሞሉትን ክሊፕ ደግሞ ጃኬት ኪስ ከትተው ይቀመጡበታል።

በካሊፐር ስንለካቸው ውፍረታቸውም አንድ አልሆነም። ከፊሉ ወደ 0.9 ሚሊሜትር፣ ከፊሉ ወደ 1 ሚሊሜትር። ወፍራሞቹ ከአንዱ ብራንድ ቀለህ ጋር ሙጭጭ ይላሉ፣ ስሶቹ ከሌላው ጋር ይንቃጨላሉ። የሚፈለገው መሐለኛው ነው፦ ጥይቱ በክሊፑ ላይ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት፣ ቀዳዳውን ራሱ እንዲያገኝ። ጨርሶ ከተገተረ ስድስቱ ጥይት ከስድስቱ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም፣ በጣም ከላላ ደግሞ ጥይቶቹ እየተንጋደዱ ማጉረስ ይዘገያል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ፦ ፕራይመር

ክሊፖቹ ከተለዩ በኋላ ቃታው መንከሱን ተወ። ክሽፈቱ ግን በጥቂቱ ቀረ። የሚከሽፈው ከአንድ ከረጢት ጥይት ብቻ ነበር፤ አንድ ወዳጃቸው ቤቱ የሞላው ጥይት። ጠርዙ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በጥይቶቹ ቂጥ ላይ ስናሳልፍ ከአንዳንዶቹ ፕራይመር (ስትመታ ባሩዱን ከምታቀጣጥለው ትንሽ ክፍል) ጋር ይጋጫል። ፕራይመሯ እስከ መጨረሻው አልገባችም። የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን የሚጨርሰው ፕራይመሯን ወደ ቦታዋ በመግፋት ነው፣ ሁለተኛው ምት ነው የሚያቀጣጥላት። "እንደገና ሲመቱት ይተኩሳል" ያሉት ነገር ምስጢሩ ይኸው ነው። ወጣ ያለች ፕራይመር ግድግዳውንም ትፍቃለች፣ ስለዚህ ለክሊፑ ችግርም አግዛ ነበር።

ከረጢቱ ለወዳጃቸው ተመለሰ። እንዴት ብለው እንደነገሩት አልጠየቅሁም።

ሦስተኛው፦ ከኮከቡ ሥር ያለ ባሩድ

ብዙ ከተተኮሰ በኋላ ሲሊንደሩ ሊዘጋ የሚያስቸግረው በሌላ ምክንያት ነው። ቀለህ የሚገፋው ኮከብ መሰል ብረት ከፍ ሲል ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል። ጋሼ ቀለህ የሚያወጡት ሽጉጡን አግድም ይዘው ነበር፣ ያልተቃጠለ የባሩድ ፍርፋሪ ከኮከቡ ሥር ይገባል። ኮከቡ ሲመለስ ፍርፋሪው ላይ ያርፋል፣ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ክሊፑንም አብሮ ይገፋል። እዚህ ላይ ክሊፕ ብትለውጥ ስፕሪንግ ብትለውጥ ምንም አይሠራም።

መድኃኒቱ አፈሙዙን ወደ ላይ አቁሞ ማስወጫውን ባንዴ በመዳፍ መምታት ነው፣ ፍርፋሪውም ከቀለሁ ጋር ይወርዳል። የጥርስ ብሩሽ ቀበቶ ላይ ይኑር፤ በየመሐሉ ከኮከቡ ሥር መጥረግ ነው። ብሩሹን ቤት ወስዶ ከሌላው ጋር አለማደባለቅ፣ እጅንም በደንብ መታጠብ፤ ቆሻሻው መርዛማው ብረት፣ እርሳስ፣ አለበት።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

የሠራው በአብዛኛው ርካሹ ነው። አንድ ውፍረት ያላቸው አዲስ የብረት ክሊፖች ገዙ፣ ለነሱም የሚስማማ አንድ ብራንድ ቀለህ ብቻ መርጠው ያዙ። ፒንሳው ቀርቶ ቀለህ ማውጫ ቱቦ ተተካ። ጫፉ የተከፈተ ቱቦ ነው፣ ቀለሁ ላይ ይጠለቅና ወደ ጎን ዞር ሲደረግ ቀለሁ ክሊፑን ሳይጎዳ ይወጣል። ከቧንቧ ቁራጭ እቤቱ የሚሠራውም አለ። ለመሸከሚያ ደግሞ መሐሉ ላይ ዘንግ ያለው የቀበቶ ማንጠልጠያ ገዙ። ክሊፑ በመሐሉ ቀዳዳ ዘንጉ ላይ ይቆማል፣ ማንም አይቀመጥበትም።

አረሩም ክብ አፍንጫ ያለው ሆነ። ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው የቀዳዳውን ጠርዝ እየገጨ ይቆማል፤ ክብ አፍንጫው ግን ተንሸራቶ ይገባል። ለማጉረስ ፍጥነት ከዚህ የበለጠ የረዳቸው ነገር የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

ያልሠራው የተጣመመ ክሊፕ ማቃናት ነው። ጋሼ ብረት መጣል አይወዱም። በሞርሳ ጠፍጥፈው አንዳንዱን መስታወት ላይ ፀጥ አሰኙት፣ ግን ከጥቂት ተኩስ በኋላ መልሶ ይጣመማል። መጨረሻ ላይ በመቁረጫ ለሁለት ሰንጥቀን ጣልናቸው፤ ሳይቆረጡ ቢቀሩ ኖሮ አንድ ቀን ወደ ከረጢቱ መመለሳቸው አይቀርም ነበር።

.45 ኦቶ ሪምም ሞክረናል። በ1920 የወጣ ጥይት ነው፣ .45 ኤሲፒ ሆኖ ከንፈር የተጨመረለት። ከንፈሩ ወደ 2.3 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ የኤሲፒው ግን 1.2 አካባቢ ነው፤ ልዩነቱ ክሊፑ የሚይዘውን ቦታ ይሞላል። ያለ ክሊፕ ይተኩሳል፣ ቀለሁም ራሱ ይወጣል፣ የሚጣመም ነገር የለም። ዋጋው ግን ይወደዳል፣ ሱቅ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም፣ ለማጉረስም እንደ ክሊፕ አይፈጥንም። ለውድድር አልሆናቸውም።

ሌላ ሽጉጥ ላለው

ይህ ልማድ ለሌሎቹም ይሠራል። 10 ሚሊሜትር የሚተኩሱት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 610ና የሩገር ሱፐር ሬድሆክም፣ .45 ኤሲፒና .45 ኮልት የሚተኩሰው ሬድሆክም (ኤሲፒ ሲጎርስ) ክሊፕ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። መጀመሪያ ሽጉጡን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መመለስ፣ ቀጥሎ የሚቻል ከሆነ ያለ ክሊፕ መሞከር፣ ከዚያ መስታወት፣ ከዚያ ማስመሪያ። ወጪው ኢምንት ነው። የሞላ ክሊፕ ለውድድር ከመያዙ በፊትም የተኩስ ቦታው ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በእጅ ይዞር፤ ከፋቀ ለልምምድ ይቀመጣል። ስምንት ጥይት የሚጎርሰው 627 ግን .357 ስለሆነ ከንፈር ያለው ጥይት ነው፣ ክሊፑ ለፍጥነት ብቻ ነው፣ ከነከሰ አውልቆ መተኮስ ይቻላል።

አንድ ነገር ጠንከር ብዬ ልናገር። በ.455 የተሠሩ የድሮ ዌብሊ ሪቮልቨሮች አሉ፣ ሲሊንደራቸው ተልጎ በሙን ክሊፕ .45 ኤሲፒ እንዲጎርሱ የተደረጉ። ስለሚገባ ይተኮሳል ማለት አይደለም። .45 ኤሲፒ እስከ 21,000 ፒኤስአይ ግፊት ይፈቀድለታል፤ .455 የተሠራው ከዚያ በጣም ላነሰ ግፊት ነው። የፋብሪካ ጥይት እንዲህ ባለው ሽጉጥ አይተኮስም፣ አለቀ።

አሁን ያለበት

ጋሼ በሪቮልቨር ምድብ እየተወዳደሩ ነው። ቃታው አይነክስም፣ የፋብሪካ ጥይት አልከሸፈባቸውም። ያልተፈታው ነገር የፋብሪካው ስፕሪንግ ነው፤ ለጣታቸው ይከብዳል፣ በውድድሩ ማብቂያ ላይ ተኩሳቸው ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። ለስላሳውን መልሰን እንግጠም ይላሉ። የሚቻለው በቀላሉ የሚቀጣጠለውን የፌደራል ፕራይመር ብቻ ከተጠቀሙና እስከ መጨረሻው በደንብ ከተገጠመ ነው፤ ይህ ደግሞ ጥይቱን ራሳቸው እንዲሞሉ ይጠይቃል። የመሙያ ፕሬስ አዝዘዋል። "ስፕሪንጌን ጥለኸው እንዳይሆን፣ አንተ ልጅ" ብለውኛል። እኔ ጋ ነው ያለው፤ በማስመሪያ አልፎ አንድም የማይጋጭ መቶ ጥይት ሞልተው ሲያሳዩኝ እገጥምላቸዋለሁ።